የእሳቸው ፊት

«እሷማ የፊደል ስህተት ናት። በአዲሱ እትም አስተካክለናታል» ሲል ሰማሁት። ሚልክያስ ነው፤ የአክስቴ ልጅ። ለእኔ አልነበረም የሚያወራው፤ መኖሬንም አላወቀም። ፒያሳ ላይ ከተረፉት ኬክ ቤቶች በአንዱ፣ ከምሰሶው ጀርባ ካለችው ጥግ ተቀምጬ ማኪያቶዬን አማስላለሁ፤ እሱና አሳታሚው አጥናፉ ባንኮኒው ላይ ክንዳቸውን ጥለው ቆመዋል። አጥናፉ «ያቺን የቅጽ ሦስቷን ነገር አንዱ ነገረኛ ተነስቶ ቢጠይቅስ?» ብሎት ነው እንዲህ የመለሰለት። ነገረኛ! ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ጨብጬ የምቆመው እኔ፤ ከእኔ ሌላ ነገረኛ ከየት ሊመጣ ነው? አጥናፉ ቀጠለና «ደግሞ ወንድ መሆኑ ይሻላል። ያን ሁሉ ዓመት ክፉውን ሁሉ አንበርክከው ያስቀመጡት አንዲት ሴትዮ ናቸው ብንል አንባቢው ተታለልኩ ይላል» አለ። ሚልክያስ ዝም አለ። ዝም ማለቱን ሰማሁት። በኮምፔንሳቶ በተከፈለ ቤት ያደገ ሰው ዝምታም ይሰማል፤ እኛ ግቢ ጎረቤት ዝም ሲል ነበር ነገር እንዳለ የምናውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚልክያስ «እሳቸው» የሚባለውን በሥዕል የተነገረ ታሪክ የሚሠራው ሰው ነው። ልጆቹ ኮሚክ ይሉታል፤ አክስቴ መጀመሪያ ጊዜ ይህን ስትሰማ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገላልጣ «ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚያስቀው?» ብላለች። እስካሁን ሰባት ቅጽ ወጥቷል፤ ስምንተኛውና የመጨረሻው ዛሬ ይመረቃል። ባለታሪኩ ስም የላቸውም። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አረንጓዴ የዝናብ ላስቲክ ይለብሳሉ፣ ፊታቸው ላይ የበያጅ ጭምብል፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። አይበሩም፤ አይደባደቡም። ከግድግዳ ጀርባ የሚሠራ ግፍ ይሰማሉ፤ የሰሙ ጊዜ ይመጡና «ቁጭ በል» ይላሉ። በቃ። የተባለው ሰው ጉልበተኛ ይሁን ባለሥልጣን፣ ሽጉጥ ይያዝ ገጀራ፣ ባለበት ዘጭ ነው፤ «ተነስ» እስኪሉትም ንቅንቅ የለም። ቅጽ ሁለት ላይ አራስ ሴት ከነልጇ ያስወጣ አከራይ ጎርፍ መሐል እንደተቀመጠ ያድራል። ያን ገጽ ተማሪዎቼ ቀደው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። እኔ ሕብረት፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ዳሰሳ እንዳቀርብ የተመረጥኩትም በዚሁ ነው፤ ዘመድም ስለሆንኩ አላሳፍርም ተብዬ።

የመጽሐፉ ብልሃት ግን ከሥዕሉ ይልቅ ቋንቋው ነው። አማርኛችን ሰውን ካላከበረ ወንድነቱን ወይ ሴትነቱን ሳይናገር አያልፍም፤ መጣ ይላል ወይ መጣች፣ ና ይላል ወይ ነይ። ያከበረ እንደሆነ ግን መጡ፣ ይምጡ ብሎ ሁሉንም ባንድ ጋቢ ይሸፍነዋል። ሚልክያስ በዚህች ቀዳዳ ገብቶ ሰባት ቅጽ ሙሉ ኖረባት። እሳቸው መጡ፣ እሳቸው ሄዱ፤ ወንድ ይሁኑ ሴት ማንም አላወቀም። ስንቱ ተከራከረበት! ተማሪዎቼ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ቅጽ ሦስት ውስጥ፣ ቱቦ ውስጥ የወደቀ ሕፃን ወደ ላይ አንጋጦ «ቶሎ ነይልኝ» ይላል። ሕፃን አክብሮት ከየት ያውቃል? ያየውን ነው የተናገረው። ያቺ «ነይልኝ» ናት እንግዲህ ዛሬ የፊደል ስህተት ሆና በአዲሱ እትም «ናልኝ» የተባለችው።

እኔ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ እሳቸው ማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ያ አረንጓዴ ላስቲክ የአክስቴ የቆንጅት፣ የሚልክያስ እናት ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ አሁን ሣርና የመንገድ መብራት በተተከለበት ቦታ ላይ በነበረው ግቢያችን፣ እሱን ደርባ ነበር የውኃ ወረፋ የምትይዘው። ጭምብሉ የጎረቤታችን የበያጁ የዘይኑዲን ነው። ድምፁ ደግሞ የራሷ ነው። ባሏን ካሳዬን ሰፈሩ ጋሽ ካሳዬ ይለው ነበር፤ እኔ ጋሽነቱን ካነሳሁበት ቆይቻለሁ። በሠርግ አጫዋች፣ በለቅሶ አስተናጋጅ፣ ቸርች ውስጥ ዘማሪ፣ ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ። ቤት ሲገባ ክራቫቱን ይፈታል፤ ቀጥሎ ቀበቶውን። አንድ ክረምት ከሰዓት እኔና ሚልክያስ አልጋ ሥር ተሸጉጠን ቀበቶው ሲነሳ አየን። አክስቴ ያን ዕለት ወደ ኋላ አላለችም። ከላስቲኳ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ጀሪካኗን ቀስ አድርጋ አስቀምጣ፣ ድምፅዋን ከፍ እንኳ ሳታደርግ «ቁጭ በል» አለችው። ተቀመጠ። ከነሙሉ ልብሱ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እራት አቀራርባ ስትጨርስ «ተነስ» አለችው፤ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ሚልክያስ ያኔ የእኔን እጅ ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ዓይኑን ከእናቱ ላይ አልነቀለም። ጀግና እንዲህ ነው የተወለደው፤ እኔ ምስክር ነኝ።

መጽሐፉ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ማተሚያ ቤቱ አዘገየን አሉኝ። እዚያው ጥግ ላይ ሆኜ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር፣ መጽሐፉ ያምራል፤ የሚያቃጥለኝም ማማሩ ነው። የሚልክያስ እጅ በስሏል። ድሮ እንደ ጭቃ ይለጥፈው የነበረው ጥቁር ቀለም አሁን ተቆጥቦ፣ ቦታውን አውቆ ነው የሚወርደው። የሰፈሩን መፍረስ ያለ አንዲት ቃል በሥዕል ብቻ ይተርከዋል፤ ብቻውን ቆሞ የቀረ መቃን፣ ግማሽ ግድግዳ ላይ የተረሳ ካላንደር፣ ሽቦ ላይ ማንም ያላወረደው የልጅ ካልሲ። እነዚያን ገጾች ሳይ እንባዬ መጣ፤ ማኪያቶዬም ቀዘቀዘ። ጉድለትም አያጣም። መሐሉ ላይ ክፉዎቹ ይበዙበትና ሁሉም ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ያንዛዙታል፤ ጽሑፉ ሥዕሉን ይውጠዋል። አንባቢ ሳያርፍ ሦስት ጊዜ «ቁጭ በል» ማለትም ቃሉን ያረክሰዋል፤ በፊት አንዷ ትበቃን ነበር። ይህን ሁሉ እንደ መምህር በልቤ እያረምኩ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። የመጨረሻው ገጽ አንድ ሙሉ ሥዕል ነው። እሳቸው ከፈረሰው ግቢ መሐል ቆመው ጭምብላቸውን ያነሳሉ። ከሥሩ ካሳዬ ብቅ ይላል። ጉንጩ ላይ ካለችው ኪንታሮት፣ ከተከረከመ ሪዙ ጋር፤ ላስቲኩ አንገት ላይ ያ ክራቫቱ ሳይቀር ብቅ ብሏል።

ሰባት ቅጽ ወደ ኋላ እየሄድኩ በሐሳቤ ፈተሽኩ፤ ይህ ሰው እንዲሆን ስንት ቃል መለወጥ ነበረበት? አንዲት ብቻ። ያቺኑ የሕፃኑን ቃል። ሌላው ሁሉ ለእናትየው የተጻፈው፣ ለአባትየው ያለ ምንም እርማት ልክክ አለ። ያ ሁሉ አንቱታ ለካ ለዚህ የተመቸ ነበር።

አጥናፉ ስልክ ሊያናግር ወጣ ሲል ከምሰሶው ጀርባ ብቅ አልኩ። ሚልክያስ ሲያየኝ ደነገጠ፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሕብርዬ! መቼ መጣሽ?» አለኝ።

«የፊደል ስህተት ስትሆን ደርሻለሁ» አልኩት። «ምን ነካህ አንተ? ካሳዬን? ከሰው ሁሉ ካሳዬን?»

«አባቴ ነው።»

«አባትህማ ነው። አልጋ ሥር አብረን አልነበርንም እንዴ?»

ባንኮኒው ላይ የፈሰሰውን ስኳር በጣቱ ሰበሰበ። ከዚያ «አንቺ ሞቶልሽ ታወሪያለሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጄ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? ቀበቶ? አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ላድርገው ብዬ ነው። በወረቀት ላይ ቢሆን ምን አለበት? እማዬ እንደሆነች መታየት አትወድም። እማዬ ታውቀኛለች።»

«ነግረሃታል?»

«ሰርፕራይዝ ነው።» ይህን ሲል ዓይኔን አላየም። አባት የሌለው ልጅ ነው የመሰለኝ፤ አዘንኩለት፤ ያዘንኩለትን ያህል በጥፊ ላጮለው አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። «ዳሰሳዬን አቀርባለሁ፤ ያየሁትን እናገራለሁ» ብዬው ወጣሁ። ከኋላዬ «ሕብረት፣ ኧረ በጌታ!» ሲል ሰማሁት።

አክስቴን ከታክሲ የምቀበላት እኔ ነበርኩ። ግቢያችን ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷት እዚያ ነው የምትኖረው፤ ፒያሳ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትቀያይራለች። ከሚኒባሱ ስትወርድ ሳያት ልቤ ተሰበረ። ጸጉሯን ተተኩሳለች። በሕይወቷ ጸጉር ቤት ሄዳ የማታውቅ ሴት፣ ካስክ ውስጥ ገብታ ጆሮዋ እስኪቀላ ተቀምጣ ተተኩሳ መጥታለች። ለልጇ ሠርግ የገዛችውን ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጇ ላይ ደግሞ አንድ የተንጠረበበ ፌስታል። «ምንድን ነው እሱ?» አልኳት። ዙሪያዋን ተመልክታ የፌስታሉን አፍ ከፈት አደረገችልኝ። አረንጓዴው ላስቲክ ነው። አጥባ፣ አጣጥፋ፣ የተቀደደ ብብቱን ሰፍታ ይዛው መጥታለች። «ምናልባት ሰው አሳዩን ቢል ብዬ ነው» አለች። «ካላሉም ማንም ሳያየው ይመለሳል።»

ወደ አዳራሹ በእግራችን ሄድን። ወርቅ ቤቶቹን አልፈን በሰፊው አዲስ መንገድ ስንራመድ እየቆመች ትለካ ነበር። «በራችን እዚህ ጋ ነበር። አይ፣ መብራቱ ጋ መሆን አለበት። የዘይኑዲን ብየዳ ቤት እዚህ ከሆነ እኛ... ወይ ጉድ፣ ጠፋኝ።» ከዚያ የራሷ መጥፋት አሳቃትና ክንዴን ያዘች። ኬክ ስንት ገባ አለችኝ፤ ነገርኳት፤ «ዱቄቱን ከመንግሥተ ሰማያት ነው የሚያስመጡት?» አለች። ቀጥላ፣ ፊት ለፊቷን እያየች፣ «ፊቴን እንዴት አድርጎ ሥሎት ይሆን?» አለች። «ማዲያቴን ትቶልኝ ይሆን? አንድ ልጅ አለ ከደረጃው ሥር፣ ጎረቤቴ የወይዘሮ ሰርክአዲስ ልጅ፣ ያንን መጽሐፍ ሲያነብ አይቼ በመጨረሻው ፊታቸው ይታያል አሉ፣ እኔ እኮ ማን እንደሆኑ አውቃለሁ አልኩት። ማን ናቸው ቢለኝ፣ ጠብቅ አልኩት።» «አክስቴ፣ መጽሐፉን እኮ ጠዋት...» ብዬ ስጀምር አፌን በመዳፏ ከደነችው። «ዝም! እንዳትነግሪኝ! ሰርፕራይዝ ነው ብሎኛል።» ቃሉን እንደምንም ብላ ነው የተናገረችው፤ ደስ ብሏታል። እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሕብረት፣ ዝም አልኩ። አዳራሹ ደጃፍ እስክንደርስ መናገር እችል ነበር፤ ያን ፈገግታ ግን እኔ ልሁን የማጠፋው? እሱ ያጥፋው አልኩ።

የምርቃት ዳሰሳ እንዴት እንደሚሆን መቼም ታውቃላችሁ። ዳሰሳ አቅራቢው ይነሳል፤ ደራሲውን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው ይናገራል፤ መጽሐፉ ክፍተት እንደሚሞላ፣ ቋንቋው ውብ እንደሆነ ያትታል፤ እንዳያዳላ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ጥቂት የፊደል ግድፈቶች ቢኖሩም» ይልና ይቀመጣል። ይጨበጨባል። ስንት ምርቃት ላይ ራሴ ብያታለሁ፤ አጥናፉም ከእኔ የሚጠብቀው እሷኑ ነው። የአዳራሹ ፊተኛ ረድፍ ላይ አክስቴን አስቀምጬ አጠገቧ ስቀመጥ ግን ሌላ ንግግር በውስጤ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። ፌስታሉን «ያዢልኝ» ብላኝ ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ። ከኋላችን ወጣት በወጣት ነው፤ አንዳንዶቹ አረንጓዴ ላስቲክ ገዝተው ለብሰዋል፣ ከካርቶን ጭምብል የሠሩም አሉ። አክስቴ ዞር ብላ አየቻቸውና «እነዚህ ሁሉ?» አለችኝ በሹክሹክታ። የራሷ ቅጂ ጭኗ ላይ ነው፤ እስኪፈቀድ ድረስ አልገልጥም ብላ መዳፏን ጭናበታለች።

ሚልክያስ መድረክ ላይ ወጣ። ጥሩ ተናገረ፤ እሱ አንደበቱ የአባቱ ነው። ስለ ሰፈሩ ተናገረ፣ ስለ ኮምፔንሳቶው ግድግዳ አሳቀ። ከዚያ «እንግዲህ ሁላችንም የመጨረሻውን ገጽ አንድ ላይ እንግለጥ» አለ። አዳራሹ ሙሉ ወረቀት ተገለበጠ። «ወንድ ነው! ብዬሃለሁ እኮ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ ሌላው «አይ ተበላሁ!» አለ፤ ፉጨትና ጭብጨባ ሆነ። አክስቴ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ አደረገች። አየች። ቀና ብላ ሚልክያስን አየች፤ እንደገና ሥዕሉን። ጣቷን በኪንታሮቱ ላይ አሳረፈችና እንደ ቆሻሻ ጠረግ አደረገችው። «ካሳዬ ነው» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። ትንሽ ቆይታ «ክራቫቱን እንኳ አልረሳበትም» አለች። መጽሐፉን ዘጋችው። መነጽሯን አውልቃ ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ የተተኮሰ ጸጉሯን በእጇ ዳሰሰችው፣ ምን ሊሠራ እዚያ እንደተገኘ የገረማት ይመስል።

ሚልክያስ መጽሐፉን ለአባቱ መታሰቢያ ማድረጉን ተናገረ። ከልቡ ነበር። ቀጠለና «እናቴም ዛሬ እዚህ ተገኝተዋል» አለ። «እሳቸው ባይኖሩ እኔ አልኖርም ነበር። እሳቸውን እስኪ በጭብጨባ እናመስግናቸው።» እቤት «አንቺ» የሚላትን እናቱን ማይክ ፊት እሳቸው አላት። ምን እንዳለ ራሱም አልሰማውም። በስንት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በትክክለኛ ስሟ፣ በሰው ፊት ጠራት፤ ከአዳራሹ ሙሉ ሰው አንድም የሰማ የለም። አጥናፉ «እማማ፣ ይነሱልን እስኪ!» አለ። ተነሳች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለጥ ብላ እጅ ነስታ ተቀመጠች። የለበሱት ላስቲክ እየተንኮሻኮሸ ልጆቹ አጨበጨቡላት።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። መድረክ አያስፈልግም ብዬ ማይኩን ወንበሬ ድረስ አስመጣሁና እዚያው ቆሜ ፊቴን ወደ ሰዉ አዞርኩ። በወጉ ጀመርኩ። ሚልክያስን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ አልኩ፤ ሥዕሉ በስምንቱ ቅጽ ውስጥ እንደዚህ አምሮ አያውቅም አልኩ፣ እውነት ነው። ስለ መቃኑና ስለ ካልሲው ተናገርኩ፤ ክፉዎቹ እንደሚያበዙት ስናገር ሳቁ። አጥናፉ ጭንቅላቱን በእሺታ ይነቀንቃል። ሚልክያስ ብቻ አልሳቀም፤ ያውቀኛል። «እንግዲህ እንደ ደንቡ» አልኩ፣ «ጥቂት የፊደል ግድፈቶች አሉ ማለት አለብኝ።» አሁንም ሳቁ። «አንዷ ግን ግድፈት አይደለችም። ቅጽ ሦስት ላይ ቱቦ ውስጥ የወደቀው ሕፃን ነይልኝ ብሏል። ሕፃኑ ያየውን ነው የተናገረው። ይህን የምላችሁ ስለማውቅ ነው፤ ያ ላስቲክ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዲያውም አሁን እዚሁ...» ብዬ እግሬ ሥር ወዳስቀመጥኩት ፌስታል ጎንበስ ስል፣

«ቁጭ በይ» አለችኝ።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ፊቷን እንኳ ወደ እኔ አላዞረችም፤ ሚልክያስን ነው የምታየው። ሚልክያስ መድረኩ ጥግ ላይ የልጅነት ፊቱን ለብሶ፣ አልጋ ሥር እንደነበረው ሆኖ፣ እጆቹን ጨብጦ ቆሟል። ትልቅ ሰው ነኝ፣ መምህር ነኝ፣ በአፌ አገር የማላስቀምጥ ነኝ፤ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ማይኩ አፏ አጠገብ ኖሮ ቃሉ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው። ያኔ ነው ያ ሁሉ ወጣት በአንድ ጊዜ የፈነዳው። ጨዋታ መሰላቸው። የተዘጋጀ ትርኢት መሰላቸው። «ቁጭ በይ! ቁጭ በይ!» እያሉ እግራቸውን እየመቱ፣ እያፏጩ፣ እስኪበቃቸው ሳቁ። የሚወዱት ድምፅ ራሱ ተናግሮ ነበር፤ በእሳቸው አንደበት፣ በእሳቸው ጸጥታ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ብቻ ነው ያወቀው፤ እሱም አንገቱን ደፋ። አጥናፉ ማይኩን ከእጄ ወሰደና «ግሩም ዳሰሳ! እጅግ ግሩም!» አለ።

ተናደድኩባት። አልዋሽም፣ ከሚልክያስ ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። ያን ኃይል ለባሏ አንድ ቀን፣ ለእኔ አንድ ቀን፤ ለራሷስ? ለልጇስ «ቁጭ በል» ብትለው ምን አለበት? ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ «ለምን?» አልኳት። «ልጄ ነው» አለች። «በሰው ፊት ታዋርጂዋለሽ?»

ፊርማው አለቀ። ሚልክያስ ሰዉን ሁሉ አሰናብቶ መጣና እናቱ ፊት ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነው። «እማዬ» አለ። ተነስታ ሁለት ጉንጩን ሳመችው። «ቆንጆ ነው ልጄ» አለችው። «አባትህን አሳምረኸዋል።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልፈለግሁበትም፤ ብፈልግም አላገኝም ነበር። አጥናፉ ከሩቅ ምግብ ታዟል፣ መኪናው ቆሟል ብሎ ተጣራ። ሚልክያስ ክንዱን ሰጣት፤ ያዘችው። ቀስ እያሉ በወንበሮቹ መሐል ወጡ፤ በሩ ላይ አንድ የካርቶን ጭምብል ያጠለቀ ልጅ መንገድ ለቀቀላት። ወደ ኋላ አላየችም። ፌስታሏን እኔ ጋ ረስታ ይሁን ትታ፣ እንጃ።

አዳራሹ ባዶ ሆነ። መብራቱ ግማሹ ጠፋ። ወለሉ ላይ የተበጫጨቀ ላስቲክና የውኃ ኮዳ ቀርቷል። የአዳራሹ ጥበቃ፣ ጋሽ ዓምደሚካኤል የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ወንበሮቹን እየደራረቡ ከኋላ ጀምረው ረድፍ በረድፍ መጡና እኔ ጋ ደረሱ። ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ አክብረው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ይነሱ እንጂ እህቴ፣ ወንበሩን ልሰብስበው» አሉኝ። ሰምቻቸዋለሁ፤ ልነሳም ፈልጌ ነበር። ግን እኔ የምጠብቀው «ተነሺ» የምትለኝን ነበር።